ኮምፒውተሬ ውስጥ አልወርድ ያለው ውሃ

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን አንድ ብርጭቆ ውሃ እስከ አፉ ሞላ። የደብተር ሽፋን ከደነበትና ገለበጠው። ከዚያ ወረቀቱን የደገፈበትን እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። ውሃው አልፈሰሰም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቲቸር ወደ ሰሌዳው ዞሮ «የአየር ግፊት» ብሎ በትልቁ ጻፈ፤ ከታች ያለው አየር ወረቀቱን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው አለን።

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ወረቀቱን ብናነሳውስ? አየሩ እኮ እዚያው አለ። ለምንድነው የሚፈሰው?»

ትንሽ አሰበ። «ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለኝ። ደወሉ ተደወለ።

ጥያቄዋ ውስጤ ቀረች። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለማስተርስ ጀርመን ሄጄ የፈሳሽ እንቅስቃሴን በኮምፒውተር ማስላት ስጀምር ነው። ያቺ ብርጭቆ እስከ ዛሬ ከሥራዬ መሃል አልወጣችም፤ ስለሷ መጻፍ የፈለግኩትም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ነገሩ አየሩ አቅም አንሶት አይደለም። በባህር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ይሸከማል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ሳሳ ይላል፤ እሱም ቢሆን ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ ውሃ ይችላል። የኛ ብርጭቆ አንድ ስንዝር አትሞላም። ስለዚህ የጉልበት ጉዳይ አይደለም።

ጉዳዩ የውሃው ገጽ ዝርግ ሆኖ መቆየት አለመቻሉ ነው። ከባዱ ውሃ ከላይ፣ ቀላሉ አየር ከታች ሆነዋል። ገጹ ፍጹም ዝርግ ቢሆን ሁለቱ ተመጣጥነው ይቆሙ ነበር። ግን የሆነ ቦታ ላይ፣ ዓይን በማያየው መጠን፣ ውሃው ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለበት በኩል የውሃው ዓምድ ስለረዘመ ክብደቱ ያይላል፤ ክብደቱ ስላየለ የባሰ ዝቅ ይላል። ከጎኑ ደግሞ አየሩ ወደ ላይ ይገባል፤ በገባ ቁጥር መግባቱ ይቀለዋል። እርሳስን በሹል ጫፉ ለማቆም እንደመሞከር ነው፤ መቆሚያ ነጥብ አለው፣ ግን እዚያ ነጥብ ላይ የሚያቆየው ነገር የለም። በቅጽበት ውሃው በጣት ቅርጽ እየወረደ፣ አየሩ በአረፋ ቅርጽ እየወጣ፣ ሁሉም ነገር ይተረማመሳል። ወረቀቱ ታዲያ ውሃውን የተሸከመው እሱ አልነበረም። ሥራው ገጹ እንዳይሞገድ መከልከል ብቻ ነበር።

ይህንን ሂሳብ መጀመሪያ የሠራው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ነው፣ በ1883። ከዚያ ጄፍሪ ቴይለር በ1950 እንደገና አነሳው፤ የመሬት ስበት ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ግፊያ፣ ቀላሉ ከባዱን እየገፋ እስከሆነ ድረስ፣ ያንኑ ነገር እንደሚያመጣ አሳየ። ስሙም የሬይሊ-ቴይለር አለመረጋጋት ሆኖ ቀረ።

ማመን ያቃተው ሰው ቤቱ ይሞክረው። አሮጌ ነጠላ አጥፎ ማርጠብ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ ወጠር አድርጎ በላስቲክ ማሰር፣ መዳፍን ከድኖ መገልበጥ፣ ከዚያ መዳፍን ማንሳት ነው። ነጠላው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ውሃ ስናፈስበት ያሳልፋል። ሲገለበጥ ግን ውሃው ይቆማል። ምክንያቱ ውሃ የራሱ ቆዳ አለው፣ የገጽ ውጥረት የምንለው። ይሄ ቆዳ ከ1.7 ሴንቲሜትር ያነሱ ሞገዶችን መልሶ ይዘረጋቸዋል። የነጠላው ቀዳዳ ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሞገዱ የሚያድግበት ቦታ ያጣል። ባለፈው አገር ቤት ስሄድ እናቴ ቡና እያፈላች ይሄን አሳየኋት። ብርጭቆውን ራሷ ተቀብላ እንደተገለበጠ አየችው፣ ነጠላውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ ጣቷ ረጠበ፣ ውሃው ግን አልወረደም። «እና አሁን ምንድነው የያዘው?» አለችኝ። ከልቤ ደስ አለኝ፤ የኔኑ ጥያቄ ነበር የጠየቀችው።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ።

የመጀመሪያ ኮዴን ስጽፍ የሠራሁት ያቺኑ ብርጭቆ ነው ማለት ይቻላል። በአየር ፋንታ ሁለት ዓይነት ውሃ ወሰድኩ፤ ከላይ ጨው የበዛበት፣ ከታች ንጹሑ። ጨዋማው በ10 በመቶ ይከብዳል። ሳጥኑን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ኩቦች ከፋፈልኩት። እያንዳንዷ ኩብ የራሷ ፍጥነት፣ ግፊትና የጨው መጠን አላት። ኮምፒውተሩ ናቪዬ በ1822፣ ስቶክስ በ1845 የጻፏቸውን የፈሳሽ እንቅስቃሴ እኩልታዎች ይዞ ከአንድ ቅጽበት ወደ ቀጣዩ ይራመዳል። አሠራሩ ይሄው ነው፤ የሚከብደው እርምጃው ስለሚበዛ ነው።

አስነሳሁትና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ከባዱ ውሃ ከላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የስበቱን ምልክት ገልብጬው ይሆናል ብዬ ኮዱን መስመር በመስመር አየሁት። ልክ ነው፤ ስበቱ ወደ ታች ነው። በሲሙሌሽኑ (ኮምፒውተር ውስጥ በሚካሄደው የስሌት ሙከራ) ሰዓት አንድ ሰከንድ አለፈ። ሁለት ሰከንድ አለፈ። ውሃው ጸጥ እንዳለ ነው። ልዘጋው ስል፣ ሦስተኛው ሰከንድ አካባቢ፣ ገጹ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታዩ። ቀጥ ያሉ፣ በእኩል ርቀት የተቀመጡ መስመሮች ናቸው። ከዚያ ዓይኔ እያየ መስመሮቹ ጣት አወጡ፣ ጣቶቹ እንደ እንጉዳይ ጠቀለሉ፣ ሁሉም ተደረማመሰ።

እኔ አልነካሁትም። ታዲያ ማን ነካው?

መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው እስከ 16ኛው አሃዝ ገደማ ድረስ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ያጠጋጋዋል። የኔ ሳጥን ውስጥ የመጀመሪያዋን ረብሻ ያስገባችው ያቺ የተጠጋጋች ፍርፋሪ ናት። ሂሳቡን ስሠራው ደግሞ ገረመኝ። በዚህ ዓይነት ውሃ ውስጥ የ2 ሴንቲሜትር ሞገድ ቁመቱ በየ0.056 ሰከንዱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያዘው በ53 ቢት (0 ወይም 1 በሆኑ አሃዞች) ነው፤ ማለትም ከመጨረሻዋ ቢት የተነሳ ስህተት 53 ጊዜ እጥፍ ከሆነ ሙሉ ቁጥሩን ያክላል። 53ን በ0.056 አባዙት። 3 ሰከንድ ነው። ከአሥር ሺህ ትሪሊዮን አንድ የምታህል ስህተት ሳጥኑን በሙሉ ለመገልበጥ የፈጀባት 3 ሰከንድ ብቻ ነው።

መስመሮቹስ ለምን ቀጥ አሉ? ሥራው ለ64 ፕሮሰሰሮች ተከፋፍሎ ነበር። መስመሮቹ የቆሙት ልክ በክፍፍሉ ድንበር ላይ ነው። ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ስንደምር ቅደም ተከተሉ ለውጥ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ግን አለው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀድሞ ሲደምርና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀድሞ ሲደምር 16ኛው አሃዝ ላይ ልዩነት ይመጣል። ሥራውን በ128 ፕሮሰሰር ደገምኩት። ያው ኮድ፣ ያው ውሃ፣ ያው ሳጥን ነው። የወጣው ምስል ግን ሌላ ነበር።

ለፕሮፌሰሬ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጌ አሳየሁት። ስህተት አገኘሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ለረጅም ጊዜ አያቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «መጀመሪያ ላይ ምን ረብሻ አስገባሽበት?»

«ምንም» አልኩት።

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ የራሱን አስገብቷል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ሲሙሌሽን ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ነው። ቀለሙን አይደለም፣ የኩቦቹን ብዛት አይደለም። ገጹን መጀመሪያ ምን ነካው? ስንት የሞገድ ርዝመት ነበረው? ቁመቱስ? ይሄ ካልተጻፈ የቀረው ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ምን እንደሚነግረኝ አላውቅም።

ይሄ የኔ የግል አባዜ ብቻ አይደለም። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችን ለዓመታት ያስጨነቀ ጉዳይ ነው፤ ታሪኩም በዝርዝር መነገር ያለበት ይመስለኛል።

ሁለቱ ፈሳሾች መደባለቅ ከጀመሩ በኋላ ቀላሉ ፈሳሽ ወደ ከባዱ ውስጥ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ መለካት ይቻላል። ጥልቀቱ በጊዜ ስኩዌር ያድጋል፤ በስበቱና በክብደት ልዩነቱ ይባዛል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ አልፋ የምትባል አንዲት ቁጥር ትቆማለች። ሁሉም ነገር ይታወቃል፣ ከአልፋ በቀር። እንግሊዝ አገር ሪድ የተባለ ተመራማሪ በ1984 ባሳተመው ሥራ አልፋን ለመለካት ታንክ ውስጥ ሁለት ፈሳሽ አደረገ። ከባዱ እንደ ደንቡ ከታች ነው። ከዚያ ታንኩን በሮኬት ሞተር ወደ ታች ወነጨፈው፤ ከመሬት ስበት እጅግ በሚበልጥ ግፊያ። ታንኩ ውስጥ ላለ ፈሳሽ ይሄ ማለት ላይና ታች ተገለባበጡ ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ ከማለቁ በፊት በፈጣን ካሜራ ይነሳል። በኋላም ሌሎች በተለያየ መንገድ ለኩት። ውጤቶቹ ሲጠቃለሉ አልፋ 0.057 አካባቢ ሆነች።

የሲሙሌሽን ሰዎች ደግሞ በኮምፒውተር አሰሉት። በ2004 «የአልፋ ቡድን» የሚል ስም ይዘው የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ሰባት የተለያዩ ኮዶችን በአንድ ዓይነት መነሻ ረብሻ አስነስተው ውጤቱን ጎን ለጎን አወጡት። 0.025 ነው የመጣው። ከግማሽ በታች። ሰባቱም ኮድ እርስ በርሱ ይስማማል፣ ከሙከራው ጋር ግን አይስማማም።

ይሄ የሁለት አሥርዮሽ ቁጥሮች ጠብ እንዳይመስላችሁ። ከባዱ ፈሳሽ የቀላሉን ሦስት እጥፍ ቢከብድ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በአንደኛው አልፋ 12 ሴንቲሜትር፣ በሌላኛው 28 ሴንቲሜትር ይገባል ማለት ነው። አንድ ነገር እስከ ክርን ይደርሳል ወይስ አንጓ ላይ ይቀራል እንደማለት ነው።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? የገባኝ ያህል፣ ዋናው ምክንያት ብርጭቆዋ ውስጥ ነበር። ሲሙሌሽኖቹ የተነሱት ከጥቃቅን ሞገዶች ብቻ ነው፤ ሆን ተብሎ ረጅሙ ሞገድ ተትቷል። ትንንሾቹ አረፋዎች እየተዋሃዱ ነው ትልቅ የሚሆኑት፤ ይሄ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በእውነተኛው ታንክ ውስጥ ግን ታንኩ ሲነካ የሚመጣ፣ ከግድግዳው የሚነሳ፣ ማንም ያላሰበው ረጅምና ዝቅ ያለ ሞገድ አለ። ያ ሞገድ ውህደት ሳይጠብቅ በራሱ ያድጋል። በኋላ ሲሙሌሽኖች ውስጥ ትንሽ ረጅም ሞገድ ሲጨመር አልፋ ወደ ሙከራው ቁጥር ወጣች። ኮዱ ጥቃቅኑን ነገር ከእውነታው በላይ ማደባለቁም የራሱ ድርሻ እንዳለው ተነግሯል። ግን ትልቁ ነገር መነሻው ነው።

የአልፋ ቡድን ሰዎችን የምወዳቸውም የማከብራቸውም ለዚህ ነው፦ አለመስማማቱን አልደበቁትም። ሰባት ቡድን ቁጥሩን እያሸ ከሙከራው ጋር ማስማማት ይችል ነበር። የጽሑፋቸው ማጠቃለያ ላይ አውጥተው «እኛ 0.025 አገኘን፣ እናንተ 0.057» ብለው ጻፉት። በሥራችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋነት አላውቅም።

ምክንያቱም ማስማማት ቀላል ነው። ረጅም ሞገድ ትንሽ ጨመር፣ ቀነስ እያደረግኩ የፈለጋችሁትን አልፋ ላመጣላችሁ እችላለሁ። ምስሉ ያምራል፣ መስመሩ ነጥቦቹ ላይ ይተኛል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ምን እንደጨመርኩ ካልተናገርኩ ግን የሠራሁት ሥራ የለም።

«ለምን ሁሉንም ነገር እንዳለ አታሰሉትም?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣብኛል፣ በተለይ ሶፍትዌር ከሚሠሩ ጓደኞቼ። የቤታችንን ቧንቧ እንውሰድ። አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ስፋት፣ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውሃ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ማንቸስተር ውስጥ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ያሳየን ነገር አለ፤ ፍጥነቱ ሲባዛ በስፋቱ፣ ሲካፈል ለዝልግልግነቱ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ የሬይኖልድስ ቁጥር የምንለውን። ያ ቁጥር ቱቦ ውስጥ ከ2,000 ገደማ በታች ከሆነ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ብዙ ሲበልጥ ክሩ ተበጥሶ ሁሉንም ይሞላል። የእጣን ጭስም ይኸው ነው፤ ከማጨሻው ተነስቶ ስንዝር ያህል ቀጥ ይልና ከዚያ ይጠቀለላል፣ ይበተናል። የቧንቧችን ቁጥር 15,000 ነው። ሩሲያዊው የሂሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ በ1941 ትልቁ ሽክርክሪት ወደ ትንሹ፣ ትንሹ ወደ ባሰ ትንሽ እየተሰባበረ የት ድረስ እንደሚሄድ አሳየን። በሱ ቀመር ብንሄድ፣ አንዷን የቧንቧ ቁራጭ እስከ ትንሿ ሽክርክሪት ድረስ ለመያዝ በግምት ከ2 ቢሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ያስፈልጋል። የቤት ቧንቧ ነው ያልኩት። የሬይኖልድስ ቁጥሩ 10 እጥፍ ሲሆን ሥራው 1,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለአውሮፕላን ክንፍ፣ ለደመና፣ ለኮከብ አስቡት።

ደግሞ ኩቧን ማሳነስ ብቻውን አይበቃም። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌቪ በ1928 እንዳስቀመጡት፣ በአንድ የጊዜ እርምጃ ውስጥ እንቅስቃሴው ከአንድ ኩብ በላይ ከዘለለ ስሌቱ ይፈነዳል። (እውነቴን ነው፣ «ይፈነዳል» ነው የምንለው፤ ቁጥሮቹ እያበጡ ሄደው ትርጉም ያጣሉ።) ስለዚህ ኩቧን በግማሽ ስናሳንስ ኩቦቹ 8 እጥፍ ይሆናሉ፣ እርምጃውም እጥፍ፤ ድምሩ 16 እጥፍ ሥራ። በ1972 ኦርዛግና ፓተርሰን የመጀመሪያውን ሙሉ ስሌት ሲሠሩ በየጎኑ 32 ነጥብ ነበራቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጃፓኖች ኧርዝ ሲሙሌተር በተባለው ኮምፒውተራቸው በየጎኑ 4,096 ደረሱ፤ ከ68 ቢሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ማለት ነው። ዛሬ ከዚያም ተሻግሯል። ክንፉ ግን አሁንም ሩቅ ነው።

ስለዚህ ሞዴል እናደርጋለን። ትልልቁን ሽክርክሪት እናሰላለን፣ ለትንንሹ ደግሞ ወኪል እናስቀምጣለን። ስማጎሪንስኪ በ1963 ለአየር ጠባይ ስሌት ብሎ ያመጣው ዘዴ ትንንሾቹን ሽክርክሪቶች እንደ ተጨማሪ ዝልግልግነት ይቆጥራቸዋል። እዚያ ውስጥ አንድ ቋሚ ቁጥር አለ። ሊሊ በቲዎሪ አስልቶ 0.17 አካባቢ ነው አለ። ዲርዶርፍ በ1970 በሁለት ግድግዳ መሃል የሚሄድን ፍሰት ሲያሰላ ግን 0.1 ነው የሠራለት። ቋሚ የተባለው ቁጥር እንደየቦታው ይለዋወጣል ማለት ነው። በኢንጂነሪንግ ሶፍትዌሮች ውስጥ በየቀኑ የሚሠራበት ሌላ ሞዴል ደግሞ 0.09 የምትል ቁጥር ይዟል። ተጠቃሚው አይነካትም፤ ብዙዎቹ መኖሯንም አያውቁም። ሞዴልን አልቃወምም፤ ያለሱ አንድ ቀን ሥራ መሥራት አንችልም። ግን ለአንድ ዓይነት ፍሰት የተስተካከለችን ቁጥር ወስዶ ለሌላው ማዋል በልኩ ያልተሰፋ ልብስ እንደመልበስ ነው፤ ያለበሰው ሰው ያንን የመናገር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የአየር ትንበያ ላይ ይሄ ነገር ለሁላችንም ቅርብ ነው። ክረምት ላይ ሜክሲኮ ፀሐይ ሆኖ ኮተቤ ዶፍ ሲወርድ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ዓለም አቀፉ የአውሮፓ ትንበያ ሞዴል ኩቡ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው። ያንን ዝናብ የሚያዘንበው ደመና ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ደመናው ደግሞ ራሱ አለመረጋጋት ነው፤ የሞቀ ቀላል አየር ከታች፣ የቀዘቀዘ ከባድ አየር ከላይ። ያው ብርጭቆ ነው። ሞዴሉ ደመናዋን አያያትም፤ «እዚህ አካባቢ ይህን ያህል ደመና ሊኖር ይገባል» ብሎ ይወክላታል እንጂ። የትንበያ ሰዎች ከዚህ ተነስተው ያደረጉት ነገር ለኔ ትልቅ ትምህርት ነው። መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየነካኩ 50 ጊዜ ያስነሱታል። 50ውም ዝናብ ካሉ በሙሉ ልብ ይናገራሉ። 20ው ዝናብ፣ 30ው ፀሐይ ካለ «40 በመቶ» ይላሉ። ሰው ይሄን ሲሰማ አላወቁም ማለት ነው ይላል። እኔ ግን ከአንድ ደፋር ትንበያ ይልቅ ያቺን 40 በመቶ አምናታለሁ።

የዚህ ሁሉ አባት ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው። እንግሊዛዊ ነው፣ ኩዌከር (ጦርነትን የሚያወግዝ የክርስቲያን ማኅበር አባል) ነው፣ ጦርነት አልዋጋም ብሎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ አምቡላንስ ይነዳ ነበር። ከቁስለኛ ማመላለስ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ብርድ በበዛበት ማረፊያ ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተቀምጦ፣ የ1910 ሜይ 20ን የአየር ሁኔታ በእጁ ያሰላ ነበር። የ6 ሰዓት ለውጥን ለማስላት ሳምንታት ፈጀበት። በ1917 በሻምፓኝ ውጊያ ጊዜ ረቂቁ ወደ ኋላ ተልኮ ጠፋ፤ ከወራት በኋላ ቤልጂግ ውስጥ ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ። በ1922 አሳተመው። ያገኘው ውጤት ግን ግፊቱ በ6 ሰዓት ውስጥ በ145 ሚሊባር ይለወጣል የሚል ነበር። በዚያ ቀን ግፊቱ የተለወጠ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ስህተቱን እንዳለ አተመው። አስቡት፤ ዓመታት ለፍቶበት፣ ጦር ሜዳ ላይ ሠርቶት፣ ጠፍቶ ተገኝቶ፣ የተሳሳተ መሆኑን እያወቀ፣ ቁጥሩን ሳይነካ አወጣው።

ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ፒተር ሊንች የተባለ አየርላንዳዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ስሌቱን በኮምፒውተር ደገመው። የሪቻርድሰን እኩልታዎች ችግር አልነበረባቸውም። የመነሻ መረጃው ነበር ጉዱ፤ ነፋሱና ግፊቱ እርስ በርስ አልተመጣጠኑም፣ ከዚያ የተነሳ ሐሰተኛ ሞገድ ነው ግፊቱን ያስዘለለው። ሊንች መነሻውን አለስልሶ ሲያሰላው ውጤቱ ልከኛ ሆነ። ይህን መጀመሪያ ባነበብኩ ቀን 64ቱና 128ቱ ፕሮሰሰር፣ ቀጥ ያሉት መስመሮች ነበሩ ፊቴ ላይ የመጡት።

ይሄ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል ለሚል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለውን ትልቁን የሌዘር ተቋም ልጥቀስ። 192 ሌዘሮች አንዲት ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የምትሰፋ የሃይድሮጂን እንክብልን ከሁሉም አቅጣጫ ያፍኗታል፤ ልክ ፀሐይ ውስጥ እንዳለው የአቶም አስኳሎች ውህደት እንዲፈጠር። ቀላል ትኩስ ነገር ከባዱን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የቴይለር ሁኔታ ማለት ነው። የእንክብሏ ገጽ ላይ ያለች ጉድፍ፣ ነዳጁ የሚሞላባት ከፀጉር እጅግ የቀጠነች ቱቦ፣ ሁሉም ወደ ጣትነት ያድጋል። ሲሙሌሽኖቹ በመጀመሪያው ዘመቻ ይሳካል ብለው ነበር፤ በ2012 ሳይሳካ ተዘጋ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ግን እነዚህ ጣቶች ከዋናዎቹ ውስጥ ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2022፣ 2.05 ሜጋጁል ብርሃን ገብቶ 3.15 ሜጋጁል ኃይል ወጣ። ያንን ዜና ስሰማ ሌዘሮቹን ሳይሆን የእንክብሏን ገጽ በማይክሮስኮፕ እያዩ ጉድፍ ሲቆጥሩ የኖሩትን ሰዎች ነው ያሰብኩት።

አሁን የምሠራው ሥራ ላይ ሞዴሉ ከፍ ብሏል፣ ኩቦቹ በዝተዋል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። መነሻውን ረብሻ የምፈጥረው በዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ ዘፈቀደው ከየት እንደሚነሳ የሚወስን አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ያንን ቁጥር ፋይሉ አናት ላይ እጽፈዋለሁ፣ ጽሑፉም ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ከሞገዶቹ ርዝመትና ቁመት ጋር። ይሄን ሳምንት አንዱን ሙከራ በስምንት የተለያየ መነሻ ቁጥር እያስነሳሁት ነው። ኮምፒውተሩ የብዙ ሰው ስለሆነ ወረፋ አለ። አራቱ አልቀዋል። የሦስቱ አረፋዎች ይቀራረባሉ። አራተኛው ላይ ግን በስተግራ አንድ ትልቅ አረፋ ከሌሎቹ ተለይቶ ሮጧል፤ መነሻ ፋይሉን ከፍቼ ሳየው እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ሞገዶች ተደርበው ነበር፣ በሺህ አንድ ያህል ከፍ ብለው። ሥራ ባልደረባዬ «እሱን አውጪውና ሰባቱን አሳትሚ» አለኝ፤ ለደግ ብሎ ነው። አላወጣውም። አምስተኛው አሁን ተራው ደርሶ ተነስቷል፤ ሰዓቱ 0.4 ሰከንድ ላይ ነው፣ ገጹ ገና ዝርግ ይመስላል።